ካምሻፍት ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬ ስለ ካምሻፍት እንነጋገራለን። የሞተሩ ቫልቮች ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲከፈቱ የሚያደርገው ይህ ዘንግ ነው፤ ክራንክሻፍቱ 2 ጊዜ ሲዞር እሱ 1 ጊዜ ይዞራል። በላዩ ያሉት ጉብታዎች ከተበሉ ቫልቩ በሚገባው ልክ አይከፈትም፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ከቴስታታው በኩልም የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል።

የመኪና መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለምሳሌ ኮሮላ በየዘመኑ ብዙ ዓይነት ሞተር ተገጥሞለታል፤ ስለዚህ የሞተሩን መለያና የሻንሲ ቁጥሩን ጻፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድና ከአዲሱ ጎን ማስተያየት ነው፦ ርዝመቱን፣ የጉብታዎቹን አቀማመጥ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹን፣ የሴንሰሩን ምልክት። ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የምትገዙት ካምሻፍት ያገለገለ ከሆነ ጥፍራችሁን በጉብታዎቹ ላይ አንሸራትቱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለበት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ተዉት። መጣመሙን ግን ዓይን አይለየውም። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ በዳያል ጌጅ አስለኩት፤ የጉብታውን ቁመትም በማይክሮሜትር አስለክታችሁ ከፋብሪካው መመሪያ ጋር አመሳክሩ። ለመለካት ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን አደራ! አሮጌው ለምን እንደተበላ ሳይታወቅ አዲሱ አይገጠም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዘይት እጥረት ነው። በብዙ ሞተሮች ካምሻፍቱ የሚዞረው በቀጥታ በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ ስለሆነ፣ መቀመጫው ከተጫረ ወይም የዘይት መስመሩ ከተደፈነ አዲሱም ይበላል። መካኒኩ መስመሩን ያጽዳ፣ መቀመጫውን ይለካ፣ ሲገጥምም ዘንጉን በደንብ ዘይት ይቀባው።