አድማው ዘፈን አልነበረውም

እሷ፦ ጥላሁን ገሠሠ ያደገው ከእኛ ወልቂጤ ብዙም በማይርቀው ወሊሶ ነው። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ስለነበር ታሰረ።

እሱ፦ «አልቻልኩም» የተባለው ዘፈኑስ? የፍቅር ነው፤ ሕዝቡ ግን በፖለቲካ ጆሮ ሰማው።

እሷ፦ አዎ፣ ተቃውሞውን የሚጨርሰው አድማጩ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳም የኦሮሞ ወጣቶች ንቅናቄ ሲጋጋል «ማላን ጅራ»ን ይዞ መጣ።

እሱ፦ የእኛስ? የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 የክልልነት ጥያቄውን አጸደቀ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ወልቂጤ ለዚሁ ጥያቄ ሱቋን ዘግታ ቤቷ ተቀመጠች። ከዚያ አድማ የሚታወስ ዘፈን አለ?

እሷ፦ ከቤት ያለመውጣት አድማ እኮ ጉልበቱ ዝምታው ነው! ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ማን ከበሮ ይመታል?

እሱ፦ የካቲት 2015 ግን ሰው አደባባይ ወጥቷል። ወልቂጤ ውስጥ ውኃ የጠየቁ ሰዎች ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞቱ። ለእነሱ እንኳ አንድ ዜማ አይገባም?

እሷ፦ ይገባል። የጉራጊኛ ምት ሰርግ ቤት ቀርቷል ብዬ አማርራለሁ፤ ፈጣን ስለሆነ ለቁጣ አይመችም የሚሉኝን አልቀበልም።

እሱ፦ እኔም። ቴዲ አፍሮ በ1997 «ጃ ያስተሰርያል»ን ሲያወጣ የተጠቀመው የሬጌ ስልት ነበር፤ ሬጌም ያስጨፍራል። ቡታጅራ ላይ ጊታር የያዛችሁ ልጆች፣ መስመሩ ክፍት ነው፤ ደውሉልን።