«የማን ልጅ ነህ?» የማይል ቀጣሪ
(የገበያ ጫጫታ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

አቅራቢ፦ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ። እዚህ ለሱቅ ሥራ ሲቪ የሚጠይቅ ብዙም የለም። «የማን ልጅ ነህ? ዋስ አለህ?» ይባላል። ደላላ ሥራ ፈላጊውን ያቀርባል፤ ባለሱቁ ሒሳብ ያስደምራል፣ እጁንም ዓይኑንም ያያል። ዘመድ የሌለው ግን ደጅ ይቀራል፤ ይሄንን አናሳምረው።

ታዲያ ማሽን ቢመርጥ አድልዎ ይቀራል? የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያው አማዞን ሞክሮት ነበር። የ10 ዓመት ማመልከቻ ሰብስቦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አሠለጠነበት። አመልካቾቹ በአብዛኛው ወንዶች ስለነበሩ፣ ፕሮግራሙ «የሴቶች» የሚል ቃል ካለበት ሲቪ ላይ ነጥብ ይቀንስ ጀመር። ሙከራው መቋረጡ በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘገበ። ማሽኑ አድልዎን አልፈጠረም፤ ከእኛው ተማረ።

የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ማዳላትን ይከለክላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሲቪውን ማሽን ይደርድረው፤ «አይሆንም» የሚለውን ግን ሰው ይበል። ባለሱቁን ቢያንስ «ለምን?» ብሎ መሞገት ይቻላል። በድረ ገጽ አመልክታችሁ ያለ ምክንያት ከወደቃችሁም፣ ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ደውሉና «ማመልከቻዬን ያየው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

(ሙዚቃ)