የአብራሪ ቁመትና የተዋጊ ጄት ወንበር

አቅራቢ 1፦ በተዋጊ ጄት ውስጥ ከጠቅላላ ቁመት ይልቅ የሚወስነው ተቀምጦ የሚለካው ቁመትና የጭን ርዝመት ነው።

አቅራቢ 2፦ ወንበሩ ከፍና ዝቅ ይል የለም እንዴ?

አቅራቢ 1፦ ይላል፤ ጭን ግን አያሳጥርም። በአደጋ ጊዜ ወንበሩ ተስፈንጥሮ ሲወጣ የረጅም ሰው ጉልበት ከመሣሪያ ሰሌዳው ጠርዝ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

አቅራቢ 2፦ አጭሩ ይሻላል ማለት ነው?

አቅራቢ 1፦ ሁልጊዜ አይደለም። እግሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ዓይኑም ወደ ፊት አሻግሮ ማየት አለበት።

አቅራቢ 2፦ መቀመጫውን ቢሾፍቱ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር ኃይል አሜሪካ ሠራሹን ኤፍ-5ም፣ ሶቭየት ሠራሹን ሚግ-21ም አብርሯል። የአብራሪ ክፍላቸው ልክ አንድ አይደለም።

አቅራቢ 1፦ እውነት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2020 ዝቅተኛውን የ1.63 ሜትር የአብራሪ ቁመት ገደብ አንስቷል።

አቅራቢ 2፦ እንግዲህ አብራሪነት የሚመኝ ወጣት በቁመቱ ብቻ ተስፋ አይቁረጥ፤ ቀርቦ ይለካ።