ሕልም እንደ ፈቺው፤ ተደጋጋሚ ቅዠትን በአዲስ ምስል ስለ መለወጥ



«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይባላል። በአባባሉ መሠረት የሕልም ትርጉም በሕልሙ ብቻ አይወሰንም፤ የነቃው ሰው አሳብም ድርሻ አለው። የዛሬው ንግግር ከዚሁ አንድ እርምጃ አልፎ፣ በቅዠት የሚሠቃይ ሰው ሕልሙን ከመፍታት ይልቅ ሊለውጠው እንደሚችል ያስረዳል።

ከባድ አደጋ ወይም ግፍ የደረሰበት ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ያንኑ አስፈሪ ነገር በሕልሙ ደጋግሞ ሊያይ ይችላል። ከዚህም የተነሣ መኝታውን ይፈራል፤ ቀን ምስሉ ብቅ ሲልበትም ፈጥኖ ያባርረዋል። መሸሹ ለጊዜው ያሳርፈዋል። ይሁን እንጂ ምስሉ ሳይለወጥ ስለሚቀመጥ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ዓይነት የአደጋው ውጤት የነበረው ቅዠት ውሎ አድሮ ልማድ ይሆናል።

ልማድ ከሆነ ደግሞ በሌላ ልማድ ሊተካ ይችላል። የአእምሮ ሐኪሙ አይዛክ ማርክስ ቅዠትን በንቃት ደጋግሞ በመለማመድ ስለሚገኝ እፎይታ እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈዋል። ኋላም ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ዘዴውን አስፋፍተውታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ታካሚው አንድ ቅዠት ይመርጣል፤ በመጀመሪያ እጅግ የከበደውን አይመርጥም። ቀጥሎም ታሪኩን ራሱ እንደ ፈቀደ ለውጦ ይጽፈዋል። ለምሳሌ በሩ ሲሰበር የምታይ ሴት በሩን የምታውቀው ጎረቤት ሲያንኳኳው አድርጋ ልትጽፍ ትችላለች። ከዚያም አዲሱን ምስል በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ነቅታ በአሳቧ ትለማመዳለች።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው የእነክራኮው ጥናት የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸውን 168 ሴቶች የሚመለከት ነበር። 3 ጊዜ ብቻ ተሰብስበው ትምህርቱን የወሰዱት ሴቶች ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ቅዠታቸው ቀንሷል፤ እንቅልፋቸውም ተሻሽሏል። ሆኖም እስከ መጨረሻው ክትትል የዘለቁት 114 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በቬትናም ዘማቾች ላይ የወጣ ጥናትም ዘዴው ከተነጻጸረበት ሌላ ሕክምና ብልጫ እንዳላሳየ ገልጿል። ስለዚህ ዘዴው ለሁሉም የሚበቃ ፈውስ ነው ማለት አይቻልም።

ቢሆንም ወረቀት፣ እርሳስና የሚያዳምጥ ባለሙያ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ ይኸውም ብዙ ታካሚዎች ቅዠት ይታከማል ብለው ስለማያስቡ ካልተጠየቁ አይናገሩም። እንግዲህ የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር «ሌሊቱን እንዴት ያድራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ አይቻልም፤ የሆነው ነገር በአሳብ ውስጥ የተወውን ሥዕል ግን ባለቤቱ ሊለውጠው ይችላል።