ግንዱ ያልደረሰው እርማት



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ማስሊያ ሶፍትዌር ስንሠራ፣ ሁለት ስሪቶችን ጎን ለጎን እንይዝ ነበር። አሮጌው በሥራ ላይ ነበር፤ አዲሱ ገና ይሰናዳ ነበር። በደመወዝ መክፈያ ዋዜማ በጡረታ መዋጮ ስሌት ላይ ስህተት ተገኘ። ሌሊቱን በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ አረምሁት፤ ተመሰገንሁም። እርማቱን ወደ ዋናው ግንድ ማድረስ ግን ዘነጋሁ። ከአራት ወራት በኋላ አዲሱ ስሪት ሥራ ሲጀምር ያው ስህተት ተመልሶ መጣ። ለቅሬታ የተሰለፉትን ሠራተኞች ያነጋገረችውም የሒሳብ ሠራተኛዋ እንጂ እኔ አልነበርሁም።

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። በጊት ቅርንጫፍ መክፈት የቅጽበት ሥራ ነው፤ ቅርንጫፍ ወደ አንድ ኮሚት የሚያመለክት ስም እንጂ የኮዱ ሙሉ ቅጂ አይደለምና። ከተለያዩ በኋላ ግን አንዱ ቅርንጫፍ የሌላውን እርማት በራሱ አያገኝም፤ የሚያደርስለት ሰው ያስፈልገዋል።

የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች ለዚህ ግልጽ ሥርዓት አላቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ለዚሁ ፕሮጀክት ነበር። የከርነሉ የተረጋጉ ስሪቶች ቅርንጫፎች በመሠረቱ ለእርማት የተጠበቁ ናቸው። እርማቱ ወይም አቻው አስቀድሞ በዋናው ግንድ ውስጥ መኖር አለበት፤ ወደ አሮጌዎቹ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ሲወርድም የመነሻው ኮሚት መለያ አብሮ ይመዘገባል።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? እርማቱ ከግንዱ ከተነሣ፣ አንድ ቅርንጫፍ ቢዘነጋ የሚጎዳው የዚያ ስሪት ተጠቃሚ ብቻ ነው። ከቅርንጫፍ ተነሥቶ ግንዱ ከተዘነጋ ግን፣ ስህተቱን ቀጣዮቹ ስሪቶች ሁሉ ይወርሱታል።

ሁለቱ ኮዶች እጅግ ተራርቀው እርማቱ እንዳለ የማይሠራበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እርማቱ ለየብቻ ይጻፋል፤ ስህተቱን የሚያጋልጠው ፈተና ግን በሁለቱም ላይ መካሄድ አለበት። አስቸኳይ ሌሊትም ይመጣል፤ አሮጌው ቀድሞ ይታረም ይሆናል። ጉዳዩ ግን ግንዱ እስኪታረም ድረስ በመዝገብ ላይ ክፍት ይቆይ።

ስለዚህ «ታርሟል» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት «በየትኞቹ ስሪቶች ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ሌሊት እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።