መንገዱ ሲታቀድ ሐኪምም ይጠየቅ



ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ገደል እያስናዱ መንገድ አወጡ። ዛሬ የምናደርሰው ወላድ ነው። ከጋይንት ሪፈር የተጻፈላት እናት በወልድያ–ወረታ መንገድ መጥታ፣ ደብረ ታቦር መሀል ከከባድ መኪና፣ ከባጃጅና ከገበያተኛ ጋር ትጋፋለች። ጭነቱ ከከተማ ውጭ የሚያልፍበት መንገድ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ በጀቱ አስፋልት ማንጠፍ ብቻ አይሁን። የገበሬው ካሳ፣ የእግረኛ መሻገሪያ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያስገባ መገንጠያ ከመጀመሪያው ይያዙ። ጥገናም አይረሳ፤ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ከነዳጅ የሚሰበሰበው ለጥገና እንዲውል ነበር። የጉና ክረምት ያልተጠገነ መንገድ አይምርም።

መሐንዲሶች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ካርታውን ስትዘረጉ እኛንም ጥሩን። አምቡላንስ የት የት እንደሚቆም እናሳያችኋለን።