ሞሬይና አምባዛ በመስታወት ገንዳ

አቅራቢ 1፦ ሞሬይ፣ ማለትም ሰውነቱ እንደ እባብ የረዘመ የባሕር ዓሣ፣ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው በያዘ ውኃ ውስጥ የሚኖር በመሆኑና የሐዋሳ ሐይቅ ጨዋማነት ከዚህ እጅግ የሚያንስ በመሆኑ፣ በሐዋሳ ሞሬይን በቤቱ ለማርባት የሚሻ ሰው ውኃውን በባሕር ጨው ቅይጥ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አቅራቢ 2፦ ለቤት ከሚመረጡት ዝርያዎች አንዱ በቀይ ባሕርም የሚገኘው ዝንጉርጉሩ ኤኪድና ኔቡሎሳ ሲሆን፣ ጥርሶቹ ሸርጣን ለመጨፍለቅ የደነዙ ስለሆኑ ከሹል ጥርስ ዘመዶቹ ይልቅ ከሌሎች ዓሦች ጋር ይስማማል፤ አብሮት የገባ ሸርጣን ግን ራት መሆኑ አይቀርም።

አቅራቢ 1፦ አነስተኛ ቢባልም ከግማሽ ሜትር በላይ የሚያድግና በጠባብ ክፍተት ሾልኮ የሚያመልጥ በመሆኑ፣ ጥብቅ ክዳን፣ የድንጋይ መደበቂያና አሞኒያን፣ ማለትም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨውን መርዝ፣ የሚያስወግድ ጠንካራ ማጣሪያ ያሻዋል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ነው።

አቅራቢ 2፦ የሌሊት አዳኝ ዓሣ ማየት ለሚሻ የሐዋሳ ነዋሪ የሐይቁ አምባዛ ይቀርበዋል፤ ከስንጥቡ በላይ ባለ ልዩ አካል ከውኃ ውጭ ያለውን አየር ስለሚተነፍስ የኦክስጅን እጥረትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ከ1 ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል የሳሎን ገንዳ ለግልገሉ እንጂ ለጎልማሳው አይበቃም።